ፈተናው የሚመዝነው ምኑን ነው?

በላንጋኖ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ዋናተኞችን የሚጠብቅ ሠራተኛ ሊቀጥር ፈለገ እንበል። ሁለት ሰዎች አመለከቱ። አንዱ የጽሑፍ ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት አለፈ፤ ዋና ግን አይችልም። ሌላው እዚያው ሐይቁ ዳር ያደገ፣ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ጎበዝ ዋናተኛ ነው። በአማርኛ የቀረበለት መጠይቅ ግን ግራ አጋባውና ወደቀ። ማን ይቀጠር? መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ቀጣሪዎች የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው።

የሥነ ልቡና ምዘና የሰውን ችሎታ፣ ዝንባሌና ጠባይ ለክቶ ለሥራው የሚስማማውን ለመለየት የሚረዳ መሣሪያ ነው። ደህና ምዘና ሁለት ነገሮችን ማሟላት አለበት። አንደኛው አስተማማኝነት ነው፤ ያው ሰው ዛሬና ከወር በኋላ ቢፈተን ተቀራራቢ ውጤት ሊያገኝ ይገባል። ሁለተኛው ተገቢነት ነው፤ ፈተናው የሚለካው ሥራው የሚጠይቀውን ነገር መሆን አለበት።

እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት 1.7 ሚሊዮን ያህል ምልምሎችን በእንዲህ ያለ ፈተና መዝኖ ነበር። እንግሊዝኛ ማንበብ ለማይችሉት በሥዕል የተዘጋጀ ፈተና ቀረበላቸው። ከሥዕሎቹ አንዱ መረብ የጎደለው የቴኒስ ሜዳ ነበር፤ የጎደለውን ሙሉ ተባሉ። ቴኒስ አይቶ የማያውቅ ገበሬ መረቡን ከየት ያምጣው? አልሞላም ተብሎ አእምሮው ደካማ ነው ማለት ይቻላልን?

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞቹንና ኃላፊዎቹን ፈትኗል። እንዲህ ባለው ወረቀት ጀርባ የቤተሰብ እንጀራ አለና ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በቅድሚያ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ተዘርዝሮ ይጻፍ። አመልካቹ ሥራውን ራሱን ሠርቶ ያሳይ፤ ዋና ጠባቂ ከሆነ ውሃ ይግባ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ በሚገባቸው ቋንቋ ይቅረብ። ውጤቱ ለተፈታኙ ይነገረው፤ ለሌላው ግን ምስጢር ይሁን። በአንድ ነጥብ ብቻ አይፈረድ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ መፍቀዱም ሰው በሥራው ታይቶ እንዲመዘን ነው።

እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ክፍል ገብተን ቀይ እስክሪብቶ እንይዛለን። ተማሪው ሲወድቅብን «ምን አላወቀም?» ከማለታችን በፊት «የጠየቅነው ምን ነበር?» እንበል።