ያረጀ የኋላ አክስል፦ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች የምንመላለስበት ፒክአፕ ከኋላ በኩል መጮኽ ከጀመረ ወዲህ በመኝታ ቤትም በምግብ አዳራሽም ክርክሩ አንድ ሆኗል። ገሚሱ «ይበየድና ይሥራ፤ ገንዘቡ ለመጻሕፍትና ለቤተ ሙከራ ዕቃ ይትረፍ» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ቁልቁለት ላይ ተሳፋሪዎቹ እኛው ነን፤ ሁሉም በአዲስ ይለወጥ» ባይ ነው። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ችግሩ ጥያቄው በጅምላ መጠየቁ ነው። አክስል የብዙ ዕቃዎች ስብስብ በመሆኑ ፍርዱም በየዕቃው መሰጠት ይኖርበታል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ሥራው ምንድን ነው?

የሞተሩ ኃይል በረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ይመጣል። ዘንጉ የተዘረጋው በመኪናው ቁመት ሲሆን ጎማዎቹ የተያያዙት ግን በወርዱ ነው። ኃይሉን በ90 ዲግሪ የሚያዞሩት የጋራዥ ሰዎች ፒኞን የሚሉት ትንሹ ማርሽና ኮሮና የሚሉት ትልቁ ማርሽ ናቸው። ፒኞኑ 10፣ ኮሮናው 41 ጥርስ ቢኖራቸው 41 ለ10 ሲካፈል 4.1 ይሆናል፤ ይኸውም ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ዘንጉ 4.1 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ የማዞር ጉልበቱ ይጨምራል። ዲፈረንሻሉ ደግሞ መኪናው ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ እንዲዞር ያደርጋል። ኩሽኔታዎቹ ክብደት ይሸከማሉ፤ ፓራሊዮ ዘይቱ እንዳይወጣ ያግዳል።

ሳይፈታ ማዳመጥ

ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ድምፁን የሚለውጥ ፉጨት ኮሮናና ፒኞኑን ወይም የእነሱን ኩሽኔታ ያስጠረጥራል። መኪናው ሲታጠፍ የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ጉምጉምታ ከሆነ የጎማውን ኩሽኔታ እንመርምር። የመንገዱ ዓይነት ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ድምፅ የጎማው የራሱ ሊሆን ይችላል። ሲነሣ «ኳ» የሚል ከሆነ ደግሞ ዲፈረንሻሉን ከመክፈት በፊት የዘንጉን ክሮቸራ መነቅነቅ ይበጃል፤ እሱ እኮ ከውጭ ያለና በርካሽ የሚለወጥ ነው።

ከዚያ ዘይቱ ይውረድ። በቡሎኑ ማግኔት ላይ እንደ ጭቃ የላላ ደቃቅ ብናኝ ቢገኝ የተለመደ ነው። ቅርፊት ወይም የጥርስ ስባሪ ከተገኘ ግን መኪናው ከቆመበት አይነቃነቅ።

ፍርድ በየዕቃው

1ኛ/ ፓራሊዮ፦ ሁልጊዜ ይለወጣል፤ ጥገና የለውም። ነገር ግን ለምን አፈሰሰ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዘይት ሲሞቅ በውስጥ ያለው አየር ይስፋፋል። የአክስሉ መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነ አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በፓራሊዮው በኩል ይገፋዋል። መተንፈሻውን ሳይጠርግ ፓራሊዮ የለወጠ ሰው ተመልሶ መለወጡ አይቀርም። ጉዳዩ የዘይት ብክነት ብቻም አይደለም፤ ዘይቱ የፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ ፍሬኑ መያዝ ያቅተዋል።

2ኛ/ ኩሽኔታ፦ የተቦረቦረ ወይም በሙቀት የጠቆረ ከሆነ ይለወጣል። የውጭ ቀለበቱም አብሮ ይለወጥ፤ አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ ማስገባት ትርፉ ድካም ነው።

3ኛ/ ኮሮናና ፒኞን፦ እነዚህ ከፋብሪካ ሲወጡ ተጣጥመው የተሞረዱ ጥንዶች ናቸው። አንዱን ብቻ መለወጥ ሁለቱንም ማጣት ነው። የጥርሳቸው ጥንካሬ በአብዛኛው ከላይ ባለው ስስ ቆዳ ላይ ስለሆነ የተሰበረ ጥርስ በብየዳ ሞልቶ በሞረድ ማስተካከል አያዋጣም። ጥርሶቹ ጤነኛ ሆነው የላላው ኩሽኔታ ብቻ ከሆነ ግን ኩሽኔታውን ለውጦ በስስ የብረት ቀለበቶች ማስተካከል ይቻላል። ይህን ለማረጋገጥ ጥርሱ ላይ ቀለም ቀብቶ ማዞርና የንክኪው ምልክት ጥርሱ መሀል ማረፉን ማየት ነው።

4ኛ/ ጎማን የሚያዞረው ዘንግ፦ የተጠማዘዘ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ያለ ክርክር ይለወጥ። ዘንጉ በሙቀት ተቃኝቶ የጠነከረ ብረት ነው፤ የብየዳው እሳት ያንን ቅኝት ያበላሸዋል፤ ቀጥሎ የሚሰበረውም ከብየዳው አጠገብ ነው። በድሮዎቹ ላንድሮቨሮች የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው የውጭው ቧንቧ ስለሆነ ዘንጉ ቢሰበር ጎማው በቦታው ይቀራል። እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ባሉ ፒክአፖች ግን ዘንጉ ማዞርም መሸከምም ሥራው ስለሆነ ሲሰበር ጎማው ራሱ ሊወጣ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

5ኛ/ የአክስሉ ቤት፦ ጥገና የሚያምረው እዚህ ላይ ነው። የተበላ የቡሎን ጥርስ፣ ዘይት የሚያስመልጥ ትንሽ ስንጥቅ፣ የተላቀቀ መያዣ በጥሩ በያጅ እጅ ይድናል፤ ብቻ ከብየዳው በኋላ አለመጣመሙ ይለካ።

ሒሳቡስ?

ለምሳሌ ያህል ጥገናው 3,000 ብር ፈጅቶ 4 ወር ቢያገለግል፣ አዲሱ ዕቃ 12,000 ብር ፈጅቶ 36 ወር ቢያገለግል እንበል። የመጀመሪያው በወር 750 ብር፣ ሁለተኛው ወደ 333 ብር ይደርሳል። ርካሽ የመሰለው ከእጥፍ በላይ ውድ ሆነ ማለት ነው። መኪናው ግን ከ8 ወር በኋላ ከሥራ የሚወጣ ቢሆን ሁለት ጊዜ መጠገን 6,000 ብር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ጥገናው ይረታል። እንግዲህ «ስንት ያስወጣል?» ከማለት ጋር «ስንት ጊዜ ያገለግላል?» ማለት የግድ ነው። ይህ ሒሳብ ግን ሰው ሊጎዳ በሚችልበት ዕቃ ላይ አይሠራም፤ ለዘንግና ለፍሬን ሲሉ መቆጠብ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ከቆመ መኪና የወጣ ሙሉ ዲፈረንሻል መግዛት። ከመግዛት በፊት ግን ጥርሶቹ ይቆጠሩ። በአራቱም ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ የፊቱና የኋላው ሬሾ ከተለያየ፣ አራቱም ጎማ ተያይዞ በደረቅ መንገድ ሲነዳ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ማርሾቹን ይሰባብራል።

ስለዚህ ክርክራችን በ«ይጠገን» እና በ«ይለወጥ» ጩኸት ከሚያልቅ፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ስም፣ የጉዳቱ ምክንያትና ፍርዱ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቢቀርብ ይሻላል። ገንዘቡን የሚያወጡትም ምን እንደሚገዙ፣ እኛም በምን ላይ እንደምንሳፈር ያን ጊዜ እናውቃለን።