«ብቁ» ወይስ «የሚገባው»?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የሬዲዮ ሞገድን በፈቃድ የሚያስተዳድር ባለሥልጣን አቋቁሟል። ለሕዝብ ደኅንነት የተመደበውን ሞገድ ማን ይያዝ ሲባል ተርጓሚው «ብቁ» ለማለት ይቸኩላል። ቃሉ ከ«በቃ» የወጣ ስለሆነ ችሎታንና ማዕረግን ይመዝናል፤ በላሊበላማ «የበቃ» የሚባለው በጾም በጸሎት የተፈተነ አባት ነው። የአሜሪካ ደንብ ግን ከፖሊስ፣ ከእሳት አደጋና ከአምቡላንስ ጋር የእንስሳት ሐኪምን፣ የተማሪዎች አውቶቡስን፣ የሕዝብ መገናኛ በማይደርስበት ገለልተኛ ስፍራ ያለ ተቋምንም ይቈጥራል። መለኪያው ተግባርና ሁኔታ ነው። እንዲህ ያለ ደንብ ለላስታ ቢጻፍ፣ በአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ስልክ የማይሠራበት ጤና ኬላ በመራቁ ብቻ ፈቃድ ያገኛል። «ብቁ» ከተባለ ግን መርማሪው አስቀድሞ የሠለጠነ ባለሙያ አምጣ ይለዋል። ስለዚህ «ፈቃድ የሚገባው» ይሻላል፤ «ብቁ» ለመሣሪያውና ለሠራተኛው ይቆይ።