«ለአንድ ራሴ ብዬ ወጥ ልሥራ?»

ውድ እህቴ፣ ለመሆኑ ትናንት ምሳሽን ምን በላሽ? ቁርስሽንስ? ለመመለስ ትንሽ ማሰብ ካስፈለገሽ የዚህ ወር የጤናና ሥነ ምግብ ዓምዳችን ላንቺ የተዘጋጀ ነው። የምንነጋገረው ከደሴ፣ ከጅማ፣ ከወራቤ፣ ከሐረር ወይም ከሌላ አካባቢ መጥታ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ብቻዋን ስለምትኖር ወጣት ነው። ገና ትዳር አልያዘችም፤ ሥራ አላት፤ ራሷን ችላለች፤ ከደመወዟም ቀንሳ ለእናት ለአባቷ ትልካለች። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ሩጫ መሐል የሚረሳ አንድ ነገር አለ። እርሱም የራሷ ምግብ ነው።

ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ አንቺው ታውቂዋለሽ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ትነሻለሽ። የታክሲው ሰልፍ እንዳይረዝምብሽ ቁርስ ሳትቀምሺ ትወጫለሽ። 4 ሰዓት ላይ ሆድሽ ሲጮህ በሻይና በቦምቦሊኖ ታስታግሺዋለሽ። ምሳ ሰዓት ከባልደረቦችሽ ጋር ምግብ ቤት ብትገቢ ሥጋው የሙስሊም አይደለምና ሽሮ ወይም የጾም በያይነቱ ታዣለሽ። ወሩ ወደ መጨረሻው ከተጠጋ ደግሞ «አልራበኝም» ብለሽ ሻይ ብቻ ትጠጫለሽ። ማታ 2 ሰዓት ቤትሽ ስትገቢ እግርሽ ዝሏል፤ ድስቱም ባዶ ነው። «ለአንድ ራሴ ብዬ ወጥ ልሥራ?» የምትይው ያን ጊዜ ነው። ሻይ ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቀኑም በዚሁ ያልቃል።

እናትሽ ቤት ሳለሽ የምትበዪው ስለራበሽ ብቻ አልነበረም። ትሪው ሲቀርብ ትጠሪያለሽ፤ ሁሉም ከብቦ ይበላል፤ የቀረ ሰው ካለ «የት ሄደ?» ይባላል። አሁን የሚጠራሽ የለም። ስለዚህ ምግብ መዝለልሽን እንደ ስንፍና አንቆጥረውም። ነገር ግን ልማዱ ለወራትና ለዓመታት ሲቀጥል ዋጋ ያስከፍላል፤ ብዙ ጊዜ የሚከፈለውም ከደምሽ ነው።

ድካሙ ከየት ይመጣል?

አንዳንድ እህቶች ደረጃ ሲወጡ ልባቸው በኃይል እንደሚመታ፣ ከተቀመጡበት ሲነሱ ዓይናቸው እንደሚጨልም፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው እንኳ ደክሟቸው እንደሚነሱ ይናገራሉ። የፀጉር መርገፍ፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ አልፎ አልፎም አፈር፣ በረዶ ወይም ጥሬ ሩዝ ብላ ብላ ማሰኘት አብሮ ሊኖር ይችላል። መሥሪያ ቤት «ሰነፈች» ይላታል፤ ቤተሰብ «የከተማ ኑሮ አከሳት» ይላል፤ ጎረቤት ደግሞ «ዓይን በልቷት ነው» ይላል። ነገሩ ግን የደም ማነስ ሊሆን ይችላል።

የደም ማነስ ማለት ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከሚገባው በታች ሲሆን ነው። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት መለኪያው በአንድ ዴሲሊትር ደም 12 ግራም ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ መለኪያው ከዚህ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል 24 በመቶዎቹ የደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። በ2011 በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት 17 በመቶ ነበር። ስለዚህ ችግሩ ያንቺ ብቻ አይደለም።

ደም ከሚያንስባቸው ምክንያቶች ዋነኛው የብረት ማዕድን እጥረት ነው። ሴት ልጅ በየወሩ በወር አበባ ደም ስለምታጣ ከወንድ የበለጠ ብረት ያስፈልጋታል። በአሜሪካ የሥነ ምግብ መመሪያ መሠረት ዕድሜዋ ከ19 እስከ 50 የሆነ ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ብረት ሲያስፈልጋት በዚያው ዕድሜ ላለ ወንድ 8 ሚሊ ግራም ይበቃዋል። እንግዲህ አስቢው፤ ወንድምሽ ከሚያስፈልገው ከሁለት እጥፍ በላይ የሚያስፈልግሽ አንቺ ነሽ፤ በሻይና በዳቦ የምታድሪውም አንቺው ነሽ።

አበላሉ ከታወቀ ሽሮም ደም ይሆናል

የሥጋ ብረት ለሰውነት በቀላሉ ይዋሃዳል። ከተቻለ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ትንሽ ሥጋ ወይም ጉበት ብትበዪ መልካም ነው። ከሥጋ ቤት ሩብ ኪሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ሥጋ ቤቱ ከሰፈርሽ ከራቀ ደግሞ በእረፍት ቀንሽ ሌላ ጉዳይ ስትፈጽሚ አብረሽ ግዢ።

ሥጋ ባይገኝስ? ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ አተርና ሽንብራ ብረት አላቸው። አንድ ትልቅ ኩባያ የበሰለ ምስር ከ6 ሚሊ ግራም በላይ ብረት ይሰጣል፤ አንድ እንቁላል ግን ወደ 1 ሚሊ ግራም ብቻ ነው ያለው። ጤፍም በብረት ይታወቃል። ሆኖም በላብራቶሪ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ እህሉ አውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ስለሆነ ሰውነት ብዙ አይጠቀምበትም። ሊጡ በእርሾ ለቀናት መቡካቱ ግን ብረትን የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል። ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ይሻላል።

ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ጠባዩ ለየት ይላል። አብሮት በሚበላው ነገር ይረዳል ወይም ይሰናከላል። የሚረዳው ቫይታሚን ሲ ነው። ሽሮሽ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፤ ቃሪያና ቲማቲም በጥሬው ከትፈሽ አብረሽ ብዪ፤ ከምግብ በኋላ ብርቱካን ወይም ዘይቱን ብዪ። የሚያሰናክለው ደግሞ ሻይና ቡና ነው። ከምግብ ጋር ወይም ምግቡን እንደጨረስሽ ሲጠጡ ብረቱን ይይዙና ሰውነት እንዳያገኘው ያደርጋሉ። ሻይ ተዪ አንልሽም። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቀሽ ጠጪ ነው የምንለው። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ቀይ ሥር ደም ይተካል የሚባለውም በብዙዎች ዘንድ የታመነ ነው። ቀይ ሥር ጥሩ አትክልት ነው፤ ነገር ግን ያለው ብረት ጥቂት ነው። ቀለሙ ቀይ ስለሆነ ብቻ ደም አይሆንም። የምስር ወጥ ይበልጠዋል።

ስለ ፎሌትም እናንሳ። ልጅ መውለድ በምትችልበት ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሌት ያስፈልጋታል። ወደፊት ፈጣሪ ልጅ ቢሰጥሽ የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም እናቲቱ ማርገዟን ሳታውቅ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ከትዳር በፊት ይጀምራል። ምስር፣ ጎመንና ቆስጣ ፎሌት አላቸው። ቅጠሉን ብዙ አታብስዪው።

ፍሪጅ በሌለበት ቤት

«ሠርቼ የት ላስቀምጠው?» ማለትሽ አይቀርም። ፍሪጅ ካለሽ እሑድ ጠዋት ምስርና ጎመን ሠርተሽ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለሽ አስቀምጪ፤ ለሦስት ቀን ይበቃሻል። ፍሪጅ ከሌለሽ ግን የሳምንት ወጥ አትሥሪ። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ ውጭ ሲቀመጥ ለጀርም ይመቻል። ስለዚህ በየማታው የሚበላውን ያህል ሥሪ፤ ቤትሽ ውስጥ የሚቀመጡት የማይበላሹ ነገሮች ይሁኑ፦ ሽሮ ዱቄት፣ ክክ ምስር፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ቴምር፣ ሽንኩርት፣ ሎሚ። ያልታጠበ እንቁላልም በቀዝቃዛ ቦታ ለቀናት ይቆያል።

ከጉሊት የምትገዢውን እንጀራ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን የሚሆን ብቻ ግዢ። ሻጋታ ያወጣ እንጀራ ላይ የሚታየውን ቦታ ቆርጦ ቀሪውን መብላት ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሻጋታው በዓይን ከሚታየው አልፎ ስለሚሄድ እንጀራው በሙሉ መጣል አለበት።

ለቁርስ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ማታ የተቀቀለ እንቁላል ከዳቦና ከቲማቲም ጋር፣ ወይም በውኃና በጥቂት ማር የተበጠበጠ በሶ ጠጥተሽ መውጣት ትችያለሽ። ይህም ካልሆነ ቴምርና ቆሎ በቦርሳሽ ይኑር።

መብራት ጠፍቶ በከሰል የምታበስዪ ከሆነ ከሰሉን ከቤት ውጭ አቀጣጥዪው፤ በርና መስኮት ክፍት ይሁን፤ ከሰል ያለበትን ማንደጃ ክፍል ውስጥ አስገብተሽ ፈጽሞ አትተኚ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የከሰል መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረሽ ወዲያው ውጪ። ብቻዋን የምትኖር ሰው የሚቀሰቅሳት እንደሌለ አትርሺ።

ባዶ ሆድና ክኒን

የወር አበባ ሕመም ሲጠና ብዙ እህቶች ከመድኃኒት ቤት አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ገዝተው በባዶ ሆድ ይውጣሉ። እነዚህ መድኃኒቶች የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላሉ፤ ቁስሉም ቀስ እያለ ሊደማና ደም ማነስን ሊያባብስ ይችላል። ምግብ ቀምሰሽ ውሰጂ፤ ጨጓራሽን የሚያምሽ ከሆነ ደግሞ ሳትጠይቂ አትውሰጂ። የጨጓራ ማስታገሻ አዘውትሮ መውሰድም ብረት እንዳይዋሃድ ያደርጋል።

የረመዷን ቀዷ ያለብሽ እህቴ ይህም ይመለከትሻል። በረመዷን ሰሑር የሚቀሰቅስ ሰፈር አለ፤ ቀዷ ስታወጪ ግን ብቻሽን ስለሆንሽ ሰሑሩን ትተኚበታለሽ፤ ኢፍጧሩንም ታክሲ ውስጥ በአንድ ጉርሻ ውኃ ታሳልፊዋለሽ። ቀኖቹን አከታትለሽ ሳትጨናነቂ ለሥራሽ በሚመቹ ቀናት ከፋፍያቸው፤ ሰሑርሽን ከማታው አዘጋጂ፤ የኢፍጧር ቴምርሽን በቦርሳሽ ያዢ። የደም ማነስ እንዳለብሽ ከተነገረሽ ግን ሐኪምሽንም የሃይማኖት አዋቂንም ሳታማክሪ ራስሽን አታስገድጂ።

ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ምልክት

ከላይ ያነሳናቸው ምልክቶች ከሁለትና ሦስት ሳምንት በላይ ከቆዩ፣ የወር አበባሽ ከ7 ቀን ካለፈ ወይም ከልክ በላይ ከበዛ፣ ዓይነ ምድርሽ ያለ ምክንያት ከጠቆረ የደም ምርመራ ያስፈልግሻል። ምርመራው ቀላል ነው። የብረት ክኒን በራስሽ ገዝተሽ አትጀምሪ፤ የደም ማነሱ ከሆድ ትል፣ ከጨጓራ ቁስለት ወይም ከሌላ ሕመም የመጣ ሊሆን ስለሚችል ምንጩ መታወቅ አለበት። ክኒን ከታዘዘልሽም በሻይ ወይም በወተት አትውሰጂው። ሰገራን ያጠቁራል፣ ሆድ ያደርቃል፤ በዚህ ደንግጠሽ አታቋርጪው። ሰውነት ያለቀበትን ክምችት እንዲተካ፣ ደሙ ከተስተካከለም በኋላ ለተወሰኑ ወራት መቀጠል ያስፈልጋል።

የምሳ ዕቁብ

ለብቻ መብላት ከከበደሽ ብቻሽን አትብዪ። በመሥሪያ ቤትሽ እንዳንቺ ያሉ ሁለት ሦስት እህቶች አይጠፉም። የገንዘብ ዕቁብ እንደምትገቡ ሁሉ የምሳ ዕቁብ ግቡ፤ አንዷ በተራዋ ለሦስት የሚሆን ምሳ ይዛ ትመጣለች፤ ሁለቱ ያርፋሉ። ለሦስት ሰው የሚሠራ ወጥ ለአንድ ሰው ከሚሠራው እምብዛም አይበልጥም፤ ድካሙም ያው ነው። ተራ የደረሳት «ለአንድ ራሴ» አትልም፤ የሚጠብቋት አሉና። ግቢ ውስጥ የምትግባቢያቸው አከራይ ወይም ጎረቤት ካሉም አንድ ቀን ምስር ክክ ይዘሽ ሂጂና አብራችሁ ሥሩ።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ወላጆችም እንድትሰሙን እንፈልጋለን። ልጃችሁ ስትደውል «ገንዘቡ ደረሰን፣ አላህ ይስጥሽ» ትሏታላችሁ። ቀጥሎ «ዛሬ ምን በላሽ?» በሏት። ብትችሉ በሚመጣ ሰው ሽሮና በሶ ላኩላት። «ደህና ነኝ» ካለች «በምን በላሽው? ማን ሠራው?» ብላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። የምትልክላችሁ ገንዘብ ከምሳዋ የተቆረጠ ከሆነ ለእናንተም እንደማይጥማችሁ እናውቃለን።

አንቺም እህቴ፣ ዛሬ ማታ ቤትሽ ስትገቢ ሻዩን ከመጣድሽ በፊት አንድ ጭልፋ ሽሮ አቁላዪ። ሎሚውን አትርሺ። ሻዩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደርሳል።

መልካም ጤንነት!