ማንም ሳይጠቀምበት የሚነሳው ኮምፕረሰር፦ «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ስንት ያስከፍለናል?

ጎሚስታ ጋ ቆማችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ጎማ የሚያስነፋ ሰው የለም፤ ኮምፕረሰሩ ግን በየመሃሉ ራሱ ይነሳል፣ ይጮሃል፣ ይጠፋል። ብዙዎቻችን «ሥራው ነው» ብለን እናልፈዋለን። እውነታው ግን የሆነ ቦታ አየር እያፈሰሰ ነው።

ፋብሪካ ሲሆን ነገሩ ይገዝፋል። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ የታሸገ ውሃ፣ ፕላስቲክ... ብዙ ማሽኖቻቸው የሚሠሩት በታመቀ አየር ነው። አየሩ ነፃ ነው፤ ማመቁ ግን ነፃ አይደለም። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው፣ ሊክ አንዳንዴ ኮምፕረሰሩ ካመረተው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶውን ያባክናል።

እስቲ እናስላው። 6 ባር ግፊት ባለው መስመር ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቢኖር፣ የሚወጣውን አየር ለመተካት ብቻ ወደ 3 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሰክቶ፣ እንጀራ ሳይጋግሩ ሌት ተቀን እንደመተው በሉት። በዓመት 300 ቀን፣ 24 ሰዓት ለሚሠራ ፋብሪካ ከ21 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ለአንዲት ቀዳዳ!

በዚህ አያበቃም። ግፊቱ ሲወርድ ማሽኑ ይደክማል። ያኔ አንዱ ይመጣና የኮምፕረሰሩን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ግፊት ሲጨምር ደግሞ ሊኩም ይብሳል።

መጠኑን እንዴት እንወቅ?

ስልካችሁ ይበቃል። ሥራ በሌለበት ሰዓት፣ ለምሳሌ እሁድ፣ አየር የሚጠቀሙ ማሽኖች በሙሉ ይቁሙ፤ ኮምፕረሰሩ ብቻ ይሥራ። ስንት ደቂቃ እንደሚሞላና ስንት ደቂቃ እንደሚያርፍ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። የሞላበትን ጊዜ ለሁለቱ ድምር አካፍላችሁ በ100 አባዙት። 3 ደቂቃ ሞልቶ 7 ደቂቃ ካረፈ፣ ከአቅሙ 30 በመቶው በሊክ እየሄደ ነው። በደንብ የተያዘ ፋብሪካ ከ10 በመቶ በታች ማውረድ ይችላል። ፍጥነቱን ራሱ በሚቀያይር ኮምፕረሰር ላይ ግን ይህ ስሌት አይሠራም።

ቦታውስ?

የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀቡ፦ መገጣጠሚያዎች፣ የቱቦ ማሰሪያዎች፣ ፊልተሮች፣ ቫልቮች፣ የውሃ ማስወጫው። አረፋ ካወጣ አገኛችሁት። ምልክት አድርጉበት፣ ፎቶ አንሱት። ትልልቅ ፋብሪካዎች የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ የሚይዝ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ይጠቀማሉ።

ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፦ የላላውን ማጥበቅ፣ ያረጀ ጎሚኒ መቀየር፣ ቴፍሎን እንደገና መጠቅለል፣ የተሰነጠቀ ቱቦ መተካት።

ግን ተጠንቀቁ! ግፊት ያለበትን መስመር በፍጹም አትፍቱ። መጀመሪያ ቫልቩን ዝጉ፣ አየሩን አስወጡ፣ ጌጁ ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። ሊክ በእጃችሁ አትፈልጉ፤ የታመቀ አየር ቆዳ ውስጥ ሊገባ፣ ዓይንም ሊጎዳ ይችላል።

ከጥገና በኋላ ሰዓቱን ድገሙት። ያ «ሽሽሽ» የሚለውን ድምፅ መጀመሪያ የሚሰማው ቢሮ የተቀመጠው ኃላፊ ሳይሆን፣ ማሽኑ ሥር የቆመው ወጣት ኦፕሬተር ነው። «አየር ነው፣ ተወው» ካሉት፣ «አየር ያፈሳል» ብሎ ብቻ አይለፍ፤ ከስልኩ ያገኘውን ቁጥር ያሳያቸው። ቁጥሩን ማለፍ ይከብዳል።

እናንተ ጋ ስንት በመቶ ወጣ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።