በፊልሙ የተናገረው፣ በዘፈኑ የፈረመው

አሜሪካዊው ዘፋኝ ፖል ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1985 መጀመሪያ ጆሃንስበርግ ሲገባ ተጽፎ ያለቀ ዘፈን አልያዘም። የወሰደው በካሴት ሰምቶ የወደደው የሶዌቶ ጭፈራ ነው። ኦቬሽን በተባለው ስቱዲዮ ጊታሪስቱ ሬይ ፒሪ፣ ቤዚስቱ ባኪቲ ኩማሎና ድራመሩ አይዛክ ምትሻሊ ይጫወታሉ፣ ቴፑ ይቀዳል። ዜማውንና ግጥሙን ሳይመን በአብዛኛው ኒውዮርክ ተመልሶ ደረበበት። በ1986 የወጣው «ግሬስላንድ» በቀጣዩ ዓመት የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ወሰደ። ክርክሩም አብሮት ተወለደ፤ እስካሁን አላለቀም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ጋር የባህል ግንኙነት እንዲቋረጥ በ1980 ጠይቆ ነበር። ዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴም ሳይመን ከመሄዱ በፊት ከአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ጋር እንዲነጋገር መክሮታል። ሳይመን ሳይነጋገር ሄደ። ጥበበኛ የፖለቲከኛ ፈቃድ መለመን የለበትም ባይ ነው።

በ2012 የወጣው የጆ በርሊንገር ዘጋቢ ፊልም «አንደር አፍሪካን ስካይስ» ይህን ሙግት መልሶ ያነሳዋል። ሳይመን ከ25 ዓመት በኋላ ተመልሶ ከቀድሞ ባልደረቦቹ ጋር ይለማመዳል። በመሀሉ ከዳሊ ታምቦ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሟገታል። ታምቦ የታጋዩ የኦሊቨር ታምቦ ልጅ ነው፤ ያኔ አፓርታይድን የሚቃወሙ አርቲስቶችን ለንደን ላይ ያሰባሰበው እሱ ነበር። ሁለቱ በመጨረሻ ይተቃቀፋሉ።

የውክልና መለኪያው የጥቁር ፊት ብዛት ብቻ ቢሆን ፊልሙ እንከን አይወጣለትም። ሚዛኑ የሚያጋድለው የንግግሩ ድርሻ ላይ ነው። የዳኝነት ወንበር የተሰጣቸው እነ ቤላፎንቴ፣ ኩዊንሲ ጆንስና ኦፕራ ዊንፍሪ አሜሪካውያን ናቸው። ሙዚቃውን በጣታቸው የሠሩት ሰዎች ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከፈራጅነት ይልቅ ለምስክርነት ነው የተጠሩት። ሬይ ፒሪ ከዚህ አጥር ይወጣል። ለንደን የነበሩ ስደተኛ ታጋዮች የአልበሙ የሙዚቃ ጉዞ እንዲቆም ሲጠይቁት፣ አፓርታይድ የበደለውን ሰው እናንተ ደግማችሁ እንዴት ትቀጡታላችሁ ብሎ እንደሞገታቸው ያወሳል። ከሁሉም ክርክር ይህ ይከብዳል። ፊልሙ ግን ዋናውን ፍጥጫ ለሳይመንና ለታምቦ ሰጠው።

ውክልና የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሚወሳሰብ ማየት ለሚፈልግ በ1987 በለንደን ሮያል አልበርት ሆል የቀረበው የ«ግሬስላንድ» ኮንሰርት ይበቃዋል። ተቃውሞ ካሰሙት መካከል ጄሪ ዳመርስ፣ ቢሊ ብራግና ፖል ዌለር ነበሩ፤ ሦስቱም ነጭ እንግሊዛውያን ሙዚቀኞች ናቸው። መድረኩ ላይ የሚዘፍኑት ደግሞ አፓርታይድ ከአገራቸው ያራቃቸው ሂው ማሴኬላና ሚርያም ማኬባ። (ማኬባን አዲስ አበባ ያውቃታል፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት እዚህ ዘፍናለች።) ታዲያ በዚያች ምሽት ስለ ደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሕዝብ የመናገር መብቱ የማን ነበር?

ሳይመንን በስስት ማማት ይከብዳል። ለሙዚቀኞቹ የኒውዮርክ የሙዚቀኞች ማኅበር ከሚያስከፍለው ሦስት እጥፍ ከፍሏል። ከ11ዱ ዘፈኖች በ5ቱ የድርሰት ባለቤትነቱን ተጋርቷል፤ «ሆምለስ» ላይ የመዘምራን ቡድኑ የሌዲስሚዝ ብላክ ማምባዞው ጆሴፍ ሻባላላ ስሙ አብሮ አለ። ክፍተቱ ያለው ከኪሱ ሳይሆን ከልማዱ ነው። የሙዚቃው ንግድ ዜማና ግጥምን ድርሰት ይላል፤ ምቱንና የቤዙን መስመር አጃቢ ብሎ፣ የቀን ሒሳቡን ከፍሎ ያሰናብታል። ምቱ ቀድሞ ዜማው በኋላ በመጣበት አልበም ይህ ልማድ ለማን እንደሚያደላ ግልጽ ነው። ይህን ጥያቄ የታምቦና የሳይመን መተቃቀፍ አይመልሰውም፤ እነሱ የታረቁት በሌላ ጉዳይ ነው።

ፊልሙን የምታዩ ሁሉ የአልበሙንም ሽፋን አገላብጣችሁ አንብቡ። «ዩ ካን ኮል ሚ አል» በኩማሎ አጭር የቤዝ ሶሎ የታወቀ ዘፈን ነው፤ በደራሲነት የተጻፈው ግን ፖል ሳይመን ብቻ ነው።