ስለ አራዊት፣ ስለ ገበያና ስለ መንዝ ጓሳ

የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ሃምሳ ዓመት በመሙላቱ፣ ከቀድሞው ርስት ጋር አብሮ የፈረሰውን፣ ቄሮ ይባል የነበረውን የመንዝ ጓሳ ሜዳ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት እያሰብን፣ ሸማቹ፣ ባለ እጁና ማኅበረ ሰቡ የአገርን አራዊት ስለሚረዱበት መንገድ ልንዳስስ ወደድን።

ገበያ ለአራዊት ጠላት ሆኖ ብዙ ዘመን እንደ ኖረ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። የጉሬዛ ቆዳ ምንጣፍ፣ የነብር ለምድና የዝሆን ጥርስ ጌጥ እንደ ማናቸውም ሸቀጥ ይሸጡ ነበር፤ መንግሥት በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ ማቃጠሉም ይህን ንግድ ለማውገዝ ነበር። የዝባድ ንግድም፣ ጥርኙ ዕድሜውን በጠባብ ጎጆ ታስሮ የሚፈጽምበት ስለ ሆነ፣ ምንም ጥንታዊ ቢሆን በዚህ ከሚመሰገኑት ሥራዎች አይቆጠርም።

በአንጻሩ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገባቸው የከፋና የያዩ ደኖች የጫካ ቡና ስለሚሰጡ፣ ቡናውን በደህና ዋጋ የሚገዛ ሰው ጥላ ዛፉ እንዳይቆረጥ ይረዳል። በደቡብ ጎንደርም ምእመናን በየደብሩ ደን ዙሪያ የድንጋይ ካብ እየካቡ ቡቃያውን ከከብት ይጠብቃሉ፤ ወፎችም በዚያ ይጠለላሉ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልባችንን የሚስበው ጓሳ ነው። በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተዘረጋውን ይህን ሜዳ፣ አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ተወላጆች ከዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ለሁለት ተካፍለው፣ በቄሮው ሥርዓት አለቃ መርጠው፣ ሦስትም አምስትም ዓመት እየዘጉ ያሳርፉት ነበር፤ ሲከፈትም ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይታጨድ ነበር፤ ሐምሌ አቦ ሲደርስም ሰውም ከብትም ከሜዳው ለቆ ይወጣ ነበር። ከአዋጁ በኋላ ግን ሜዳው ያለ ልክ ተግጦ ነበርና፣ ከዓመታት በኋላ ሕዝቡ ራሱ በኮሚቴ ተሰባስቦ ጥበቃውን መለሰ። ጭላዳና ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ዛሬም በዚያ ይኖራሉ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የመንዝ በግ በጠጉሩ የታወቀ ነው፤ እናቶች ፈትለውት ባናና ምንጣፍ ሆኖ ለእንግዳ ሲሸጥ ገቢው የጥበቃውን ሸክም ለሚሸከሙ ቤቶች መድረሱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ገበያው ሲሰፋ መንጋው ይበዛል፤ መንጋው ሲበዛ ሣሩ ያልቃል፤ ሣሩ ሲያልቅ ለቀይ ቀበሮ ምግብ የሚሆኑት አይጦች መጠለያ ያጣሉ፤ እረኛውን የሚከተለው ውሻም የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ወጥቶ ለቀበሮው ሊያስተላልፍ ይችላል። ገመድ የሚገምድ ሰው ሣሩ እንዲረዝም ስለሚሻ በገዛ ጥቅሙ ዘበኛ ይሆናል፤ የጠጉር ነጋዴ ግን የመዝጊያው ሕግ ካልያዘው በቀር አራዊቱን ሳያውቅ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት አራዊትን የሚያድነው ዕቃው ሳይሆን፣ ዕቃውን የሠራው ሰው ሜዳውን የመዝጋት ሥልጣን ያለው መሆኑ ነው።

ወደ መንዝ የምትወጣ አንባቢ ሆይ፣ ባናውን ከመግዛትህ በፊት ሻጯ በጥበቃው ደንብ የምትተዳደር መሆኗን ጠይቅ፤ ሌሊቱንም ማኅበረ ሰቡ በሚያስተዳድረው ማረፊያ እደር።