ፖዘቲቭ ተባልኩ፤ ልደሰት ወይስ ልደንግጥ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው።

በተለምዶ የእንግሊዝኛው ቃል ትርጉም «ቀና፣ በጎ» ነው። በላቦራቶሪ ግን «የተፈለገው ነገር ተገኝቷል» ከማለት አያልፍም። ወባ ተፈልጎ ከሆነ ወባ አለ። የእርግዝና ምርመራ ከሆነ፣ እልል ማለት አለማለቱ የእናንተ ፋንታ ነው!

«ኔጌቲቭ» ደግሞ «አልተገኘም» ነው። ይህ ግን ሁልጊዜ «የለም» ማለት አይደለም፤ ለምሳሌ ለኤችአይቪ በተጋለጡ ማግስት ቢመረመሩ ገና ላይታይ ስለሚችል በድጋሚ መመርመር ያስፈልጋል።

የሚያደናግረው የደም ዓይነት ነው። «ኦ ፖዘቲቭ» በሽታ አይደለም፤ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቀይ የደም ሴላችሁ ላይ አርኤች ዲ የሚባል ፕሮቲን አለ ማለት ብቻ ነው። አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች ነፍሰ ጡር ግን ለሐኪሟ ትንገር። ፅንሱ ፖዘቲቭ ከሆነ ሰውነቷ የፅንሱን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊዋጋው ይችላል፤ በተለይ በቀጣዩ እርግዝና። መከላከያ መርፌ አለው።

ሌላ ግራ ያጋባችሁ የውጤት ቃል ካለ ከታች ጻፉልኝ።